በቢተው ፋንታ

ፍሥሐ አወቀ ደብረ ወርቅ የገባው የኅዳር ሚካኤል ማግስት በጠዋት ነው። ጣልያን ጎጃምን ከረገጠ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ፍሥሐ ከደብረ ኤልያስ ተነሥቶ አምስት ቀን በእግሩ ሲጓዝ፣ ምሽግ የያዘው ጣልያን ሁለት ጊዜ፣ ዱር የያዘው አርበኛ ደግሞ ሦስት ጊዜ አስቁሞ ፈትሾታል። ፈታሹ ሁሉ አኩፋዳውን አራግፎ የሚያገኘው ትንሽ ቆሎና አንድ ጥቅል ሸማ ነው። «ይኼ ምንድን ነው?» ሲሉት ለሁሉም የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ «ቤተ ክርስቲያን ነው» ይላቸዋል። አንዱ አርበኛ ከት ብሎ ስቆ፣ «ቤተ ክርስቲያን ጠቅልሎ የሚዞር ተማሪ ገና ዛሬ አየሁ! በል ሂድ፣ ጸልይልን» ብሎ አሳለፈው።

አልዋሸም። የተወለደባት የግራር አምባ ቤተ ክርስቲያን ዓምና በእሳት ጋይቷል። ሕዝቡ እንደምንም ግድግዳውን መልሶ አቁሞ፣ ሣር ከድኖ፣ ታቦቱን አስገብቷል፤ የመቅደሱ ግድግዳ ግን ጭቃ እንደተመረገ ባዶውን ቀርቷል። እስቲ ባዶ ግድግዳ እያዩ ማስቀደስ ምን ይሉታል? የመንደሩ ሴቶች ይኼን አልቻሉትም። የፍሥሐ እናት ሥራነሽ ፊት ሆና ክረምቱን ሙሉ ጥጥ ፈትለው ያን ሸማ አሠሩ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በሸማ ላይ ይሣልና ሸማው ከነሥዕሉ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ሸማው ተገኘ፤ ሠዓሊው ከየት ይምጣ? ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ ጠመንጃ ይዞ ዱር ገብቷል። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲያስብ ፍሥሐ ብድግ ብሎ «እኔ እሥለዋለሁ» አላቸው። ዕድሜው ሃያ ሁለት ነው፤ ሥዕል ተምሮ አያውቅም። ከሰል ይዞ በድንጋይ ላይ የሰው መልክ ሲያወጣ ግን ያየው ሁሉ አፉን ይይዛል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉን ሰጠ።

በደብረ ኤልያስ ፍሥሐን ቅኔ የሚያስተምሩት የኔታ ወልደ ሩፋኤል ይኼን ሲሰሙ ለወጣትነት ጓደኛቸው፣ ለደብረ ወርቁ ሠዓሊ ለአለቃ ገብረ ኪዳን ደብዳቤ ላኩ። ዘመኑ ክፉ ነው፤ አንድ ትርፍ አፍ የሚችል ትምህርት ቤት የለም። ስለዚህ ልጅ በልጅ ሊለዋወጡ ተስማሙ። አለቃ የእኅታቸውን ልጅ ቢተውን ቅኔ እንዲማር ወደ ደብረ ኤልያስ ይሰዳሉ፤ የኔታ ፍሥሐን ሥዕል እንዲማር ወደ ደብረ ወርቅ ይልካሉ። አንዱ በአንዱ መደብ ላይ ይተኛል፣ አንዱ የአንዱን ድርሻ ይበላል። አንደኛው አልሆንልህ ብሎት ከተመለሰ ግን ሌላውም ጓዙን ጠቅልሎ ወዲያው ወደ አገሩ ይገባል። ውሉ ይኼው ነው።

ፍሥሐ ከአለቃ ግቢ ሲደርስ በሩ ላይ ቆማ ያገኛት የቢተውን እናት ወይዘሮ የብርጓልን ነው። ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አንተ ነህ የልጄ ምትክ?»

«እኔ ነኝ እትዬ። አላሳፍርዎትም፤ አይሥጉ።»

«እንድታሳፍረኝማ ነው ስለት ስሳል ያደርኩት!» አለችው ፊት ለፊት። «እንዳትቀየመኝ የኔ ልጅ። ፊትህን ሳየው ደኅና ልጅ ትመስላለህ። ብቻ አንተ ከወደቅህ ልጄ ይመለስልኛል። ያለኝ እሱ አንድ ነው። አገሩ ሁሉ ጥይት በጥይት ሆኖ፣ አንዱን ልጄን ቅኔ ይቁጠር ብሎ ወንድሜ አስነሥቶ ሰደደብኝ። ከሄደ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።»

«እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ የምወድቅ ሰው አይደለሁም።»

«ኧረ ተው! ስንቱ እንዲህ እያለ ገብቶ፣ በማግስቱ አኩፋዳውን አንግቶ ሲወጣ አይቻለሁ!» አለችና ገብታ ትኩስ ንፍሮ በቁና ይዛለት ወጣች። ጠላትነቷ እስከዚያ ድረስ ነበር። «በል ብላ። በባዶ ሆዱ ወደቀ እንዳይሉኝ» አለችው።

ፍሥሐ በደስታ በላ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ምንም አላሳሰበውም። እጁን ያውቀዋል። በልጅነቱ የከብት ምስል ጭቃ ላይ ሲጭር ሽማግሎች «ይኼ የማን በሬ ነው» ብለው ሲጣሉ የሰማ ልጅ፣ በአንድ አለቃ ፊት ምን ያስፈራዋል?

አለቃ ገብረ ኪዳን በትልቁ ዋርካ ሥር ካለው ክብ ቤት ውስጥ ነበሩ። ጥፍራቸው ቀይ ቀለም ይዞ የማይለቅ አጭር ሽማግሌ ናቸው። ከጎናቸው የተማሪዎቹ አንጋፋ ኃይለ ሚካኤል በድንጋይ ላይ ቀይ አፈር ይፈጫል። ኃይለ ሚካኤል ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ስድስት ዓመት እዚያው ቀለም ፈጭቷል፤ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ደግሞ ከቀለሙ ይልቅ ሰውየውን መፍጨት ይወዳል።

ፍሥሐ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «ከየኔታ ወልደ ሩፋኤል የተላክሁ ነኝ የኔታ። ሰላምታ አቅርብልኝ ብለውኛል።»

«ይድረሳቸው። እጅህን አሳየኝ» አሉት አለቃ። ሁለቱንም እጆቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና ለቀቁት። «የቤቴ ሕግ አንድ ነው። አዲስ ተማሪ የመጣ ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በዚህ ሰሌዳ ላይ አንድ ሰው ይሥልልኛል። ያ ሰው ለንጊኖስ ነው። ጌታን በመስቀል ላይ ሳለ ጎኑን በጦር የወጋው ጭፍራ። ካየሁት በኋላ ወይ ትቀመጣለህ፣ ወይ ትሄዳለህ። የአምበር ነጋዴ ነገ ጎሕ ሲቀድ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ደብረ ኤልያስ ይነሣል። ከሄድህ ከእሱ ጋር ትሄዳለህ፣ ቢተውንም መልሱት ብዬ እልካለሁ።»

«መልአክ አይሻልም የኔታ? ቅዱስ ሚካኤልን ብሥልልዎት?» አለ ፍሥሐ፣ አንድ ለንጊኖስ ብቻ ለችሎታው ያነሰበት መስሎት።

«መልአክማ ማንም ይሥላል። ክንፍ ስትቀጥልለት መልአክ ይሆናል» አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ኃይለ ሚካኤል ኖራ የተቀባውን ሰሌዳ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጥቂት ከሰል ሰጠው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፤ እስቲ እናያለን» አለ። «ባለፈው ዓመት አንድ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ልጅ፣ ጦሩን ከሰውየው አርዝሞ ሥሎት አረፈ። አለቃ አይተው፣ ‹ይኼስ አጥር ነው› አሉት።»

«የኔን ስታይ የምትለው ይጠፋሃል» አለ ፍሥሐ። ነጠላውን ወገቡ ላይ አሸርጦ ሰሌዳው ፊት ተንበረከከ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። በሥዕል ሕግ ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ክፉ ሰው፣ አጋንንቱም፣ አሳሪውም፣ ገራፊውም፣ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። ማንም የቤተ ክርስቲያን ልጅ ቢሆን ያውቀዋል፤ እናት እንኳ ልጅዋን አዝላ ግድግዳውን ስታሳየው፣ «ባለ አንድ ዓይኑን አየኸው? እሱ ክፉ ነው» ትለዋለች። ፍሥሐ ይኼን ለማሰብ እንኳ ጊዜ አላጠፋም። ከሰሉ ሰሌዳውን እንደነካ በጎኑ የዞረ የወንድ ፊት ወጣ። ግንባሩ ሰፊ፣ አፍንጫው ቀጥ ያለ፣ ጢሙ ሳሳ ያለ፣ አገጩ ወደ ላይ ቀና ያለ ሰው ነው፤ አንድ ዓይኑ ከፍ ያለ ነገር ይመለከታል። ፍሥሐ ሌላ ሰው ለመሣል አላሰበም፤ ሌላ ሰው አልመጣለትም። ጦር ያዥ ሲባል የሚያውቀው ፊት አንድ ብቻ ነው።

ያ ፊት የእንዳላማው ፊት ነው። የእናቱ የሥራነሽ ታናሽ ወንድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዳላማው ለጣልያን ገብቶ ባንዳ ሆነ። የሰበካው ሰው ለአርበኞች የሚሆን እህል በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ደብቆ ነበርና፣ እንዳላማው ወታደሮቹን መርቶ አመጣቸው። ጣልያኖቹ እህሉን ብቻ ይወስዳሉ ብሎ ነበር ይባላል። ምን ይሁን ብሎ እንዳሰበ እግዜር ይወቀው። እነሱ ግን የጣሪያውን ሣር ለኮሱት። ገበዙ፣ የፍሥሐ አባት አወቀ፣ ዘለው ገብተው ከካህናቱ ጋር ታቦቱን አስወጡ፤ ለመጻሕፍቱ ብለው ሁለተኛ ሲገቡ ጣሪያው ላያቸው ላይ ወረደ። ፍሥሐ ከደብረ ኤልያስ ለበዓል መጥቶ እዚያው ነበር። እንዳላማው ጠመንጃውን ይዞ ከጣልያኑ መኮንን ጎን ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚነደውን ሣር ሲመለከት ከጎኑ ሆኖ አይቶታል። ይኼንን ነው የሣለው።

ቀትር ሳይሆን ጨረሰ። ኃይለ ሚካኤል ቀለሙን ትቶ መጣና ቆመ። ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ዘጋው። ቆይቶ፣ «የምለው ጠፋኝ» አለ። ፍሥሐ ደረቱ ነፋ አለ። የቢተው መደብ ከወዴት በኩል እንደሆነ እስከ መጠየቅ ደረሰ።

አለቃ ከቅዳሴ ሲመለሱ ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ጠጋ ብለው አዩ፣ ራቅ ብለው አዩ።

«እጅ አለህ» አሉት በመጨረሻ። «እኔ በአንተ ዕድሜ እንዲህ ያለ እጅ አልነበረኝም። አንተ ግን አንድ ዓይን ነፈግኸው።»

«ክፉ በአንድ ዓይን አይደለም እንዴ የሚሣለው የኔታ?»

«ለንጊኖስ ክፉ ነው ያለህ ማን ነው?»

ፍሥሐ ግራ ገባው። «ጌታን የወጋ ሰው ክፉ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?»

«ተቀመጥ» አሉት አለቃ፣ ራሳቸውም በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «እዚህ የመጣ ሁሉ እንዳንተ በአንድ ዓይን ይሥለዋል። ታሪኩን ሁሉም ያውቃል፤ ከሰል ሲይዝ ግን ይረሳዋል። ለንጊኖስ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነበር። ጌታን በጦር ሲወጋው ከጎኑ የፈሰሰው ደም የጠፋ ዓይኑ ላይ አረፈ፤ በራለትም። ያን ጊዜ የወጋውን አየ። አየና አመነ፤ ኋላም ስለ እምነቱ አንገቱን ሰጠ። ጦሩን ገና ከእጁ ሳይጥል ጻድቅ የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ ቤት ለንጊኖስ ጦሩን እንደያዘ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ፀሐይዋ ገና ናት። አዙረው።»

በጎኑ የዞረ ፊት ላይ ዓይን መጨመር አይቻልም። ሰሌዳውን አጥቦ፣ ሰውየውን እንደገና ፊት ለፊት መሣል ነው።

ፍሥሐ ከሰሉን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እንዲህ ያለውን ሰው ሁለት ዓይን አልሰጠውም» አለ።

«ማን ነው እሱ?»

ነገራቸው። አጭር አድርጎ፣ ጥርሱን ነክሶ ነገራቸው፤ ስሙን ግን አልጠራም። «ያ ሰውዬ» እያለ ነው የተረከው። እሳቱን፣ አባቱን፣ እናቱ ወንድም የለኝም ብላ ማቅ መልበሷን ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ጠመንጃውን ጥሎ ከባንዳነት መውጣቱን፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ እንደሚያስቀድስ፣ ሰላም የሚለው ሰው እንደሌለ ነገራቸው። «እኔም ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ» አለ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የኔታ።»

«የወጋው ረስቷል?» አሉት አለቃ። «ከአጥር ውጭ የሚቆመው ረስቶ ነው?»

የፍሥሐ አፍ ዝም የሚል አፍ አይደለም። «ይቅር አልለውም!» አለ ጮክ ብሎ።

«ይቅር በለው ማን አለህ? እኔ ሠዓሊ እንጂ የነፍስ አባትህ አይደለሁም። ሣለው ነው ያልኩህ። ካልሆነልህ ነገ ከነጋዴው ጋር ትሄዳለህ፤ ሸማህንም ይዘህ» አሉና ተነሡ።

ፍሥሐ ወደ ሸማው አየ። ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እናቱ ክረምቱን ሙሉ ጥጡን በእንዝርት ስትፈትል ጣቷ ደምቶ ነበር። ይኼን ባዶውን መልሶ ለግራር አምባ ሴቶች «አልሆነልኝም» ሊላቸው ነው? ሞቶ ይገኛል እንጂ!

አለቃ ሲርቁ ኃይለ ሚካኤል ጠጋ አለው። «ሞኝ አትሁን» አለው በሹክሹክታ። «ሌላ ሰው ሣልና ተገላገል። እጅህ እኮ ይችላል። ማን አባቱ ያንን ሰውዬ ሣል አለህ?»

እውነት ነው፣ ማን አለው? ፍሥሐ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ አጠበው፤ የእንዳላማው ፊት ጥቁር ውኃ ሆኖ ወረደ። ኖራውን በፀሐይ አድርቆ ሌላ ሰው ሣለ። ፊቱን ወደ ሰው ያዞረ፣ ባለ ሁለት ዓይን፣ ጢሙ የተበጠረ፣ ሲያዩት የሚያምር ጭፍራ ሆነ። እጁ አንዴም አልተሳሳተም። አለቃ ሲያልፉ ጠራቸው።

አለቃ ቆመው እንኳ አላዩትም። «ይኼ ሰውዬ ማንንም ወግቶ አያውቅም» አሉና አለፉ።

ኃይለ ሚካኤል እንኳ አልሳቀም። ፍሥሐ ጨርቁን ነክሮ ያንን ቆንጆ ጭፍራ አጠበው። ንዴቱ ከሰው ይልቅ ከራሱ ጋር ሆነ። ሽማግሌው ትክክል ነበሩ፤ ሲሥለውም አውቆት ነበር። የሠራው ለዓይን የሚሆን ባዶ ፊት ነው።

ጥላው ረዘመ። ፍሥሐ ነጩ ሰሌዳ ፊት ከሰሉን በጣቱ መካከል እያሾረ ተቀምጧል። የብርጓል እንጀራ በሽሮ ይዛ መጣች። ሩቅ ሆና ስታየው ነበር።

«ተያዝህ አይደል?» አለችው። ቀጥላም ሰፌዱን አስቀምጣ ፊቱን ስታየው ድምፅዋ ወረደ። «ደስ ብሎኝ ነበር የመጣሁ፤ አሁን ሳይህ ደስታዬ ጠፋ። ምን ሆንህ ልጄ?»

«ፊቱን ላስታውስ አልቻልኩም» አላት። «ከጎኑ ነው የማስታውሰው። ከከዳን ወዲህ ከፊት ለፊት አይቼው አላውቅም።»

«እንዴት ያለ ሰው ነው ከፊት ለፊት የማይታየው? ጅብ ነው?»

ፍሥሐ ሳያስበው ሳቅ አመለጠው። «አይቼዋለሁ» አለ። «አንድ ጊዜ። የእሳቱ ዕለት።» ታሪኩን ለእሷም ነገራት። ለአለቃ የነገረውን ሁሉ፣ እስከ ጣሪያው መውረድ ድረስ ነገራት። እዚያ ላይ አቆመ።

«ከዚያስ?» አለችው የብርጓል። «አባትህ እንዴት ተቀበሩ? ከዚያ እሳት ማን አወጣቸው?»

ይኼን ማንም ጠይቆት አያውቅም። በግራር አምባ ያየ አይቷል፣ ያላየም ሰምቷል፣ ስለዚህ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ፍሥሐ መሬት መሬት እያየ፣ «እሱ» አላት። «ጠመንጃውን ወርውሮ ገባ። ጣልያኑ ጮኸበት፣ አልሰማም። ሁላችን በሩ ላይ ቆመን እንጮኻለን፤ እኔም ቆሜ እጮኻለሁ፤ አልገባሁም። እሱ አባቴን በትከሻው ተሸክሞ ከጢሱ ወጣ፤ ወደ እኔ ነበር የመጣው። እግሬ ሥር አወረደልኝና አየኝ። እጆቹ ተቃጥለው ነበር። ጣቶቹ እስካሁን አይጨብጡም።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ፊቱ እንዴት ነበር?»

«ጥላሸት ነበር። እንባው ጥላሸቱን ጠርጎ ሁለት መስመር ሠርቷል። ዓይኑ...» አለና አቆመ። «ዓይኑ ያኔ ገና ያየ ሰው ዓይን ይመስል ነበር።»

ዓይኖቹን እንኳ ሳያብስ ከሰሉን አንሥቶ ተንበረከከ። የብርጓል እጅዋን አፏ ላይ ጫነች። «ወይ አፌ! ምን አናገረኝ እኔን!» አለች። «በገዛ እጄ ልጄን አስቀረሁት!» ይኼን እያለችም አልሄደችም። እንዲያውም ኃይለ ሚካኤል ሊያወራ ሲጠጋ፣ «ዝም በል አንተ፣ አታደናግረው» ብላ ገሠጸችው።

ፍሥሐ አልቸኮለም። መጀመሪያ ግንባሩን፣ ቀጥሎ ቀጥ ያለውን አፍንጫ ከፊት በኩል አወጣ። የሚያውቀው ፊት ነው፤ የልጅነቱ ፊት ነው፤ ወንዝ ሲሞላ በትከሻው ያሻገረው፣ የመጀመሪያ በሬውን ሲጠምድ ሞፈሩን የያዘለት ሰው ነው። ይኼ ሁሉ ትዝ ሲለው ከሰሉ አንዴም አልተደናቀፈም፤ እንዲያውም ልቡ እያዘነ እጁ ደፋር ሆነ። ግራ ዓይኑን ሣለ፤ ደረቅና የደከመ ዓይን ነው። ቀኝ ዓይኑን ግን እርጥብ አድርጎ፣ ከፍቶ፣ ጥላሸቱን የጠረገውን መስመር ከሥሩ አወረደለት። ጣቶቹን ጦሩ ላይ ሲያደርግ መጨበጥ እንደማይችሉ አድርጎ ሣላቸው፤ ጦሩ ከመዳፉ ሊወድቅ ትንሽ የቀረው ይመስላል።

ፀሐይዋ ከተራራው ላይ ስትደርስ አለቃ መጡ። ሽማግሌው ቆሙ፤ ቆባቸውን አወለቁ። ለተማሪ ሥዕል ቆብ ሲያወልቁ ኃይለ ሚካኤል በስድስት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አላያቸውም።

«ይቅር አላልኩትም የኔታ» አለ ፍሥሐ ቀድሞ። «እንዳይመስልዎት።»

«አልጠየቅሁህም» አሉት። ከዚያ ወደ ጥጉ ሄደው፣ ጎንበስ ብለው ሸማውን ራሳቸው አነሡ። መሬት ላይ ዘርግተው በክንዳቸው ለኩት። «አሥር ክንድ። ስቅለቱ ከመካከል ይሆናል። ይኼ ሰው በቀኝ በኩል ይቆማል። አጀማመሩን ዓመቱን ሙሉ አሳይሃለሁ፤ በመጪው መስከረም አንተ ትጀምረዋለህ፣ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። ነገ ጠዋት ግን ቀለም ትፈጫለህ፤ ኃይለ ሚካኤል እጁ ይረፍ።»

ኃይለ ሚካኤል በደስታ እልል ሊል ምንም አልቀረውም። ፍሥሐ ወደ መሬት ሰግዶ የአለቃን ጉልበት ሳመ። ከተነሣ በኋላ ግን ያ የጠዋቱ ፍሥሐ ፊቱ ላይ ተመለሰ፤ «ብዬዎት ነበር እኮ እትዬ፣ የምወድቅ ሰው አይደለሁም» አላት የብርጓልን።

«እሰይ! እኔ ባላናግርህ ትወድቅ እንደነበር ንገራቸው!» አለችው፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርዝ እያበሰች። ልጅዋ ዘንድሮ እንደማይመለስ አሁን ቁርጡን አወቀች። ገብታ የቢተውን ጋቢ አምጥታ ትከሻው ላይ ጣለችለት። «ይበርድሃል። ደብረ ወርቅ እንደ አገርህ ቆላ አይደለም።»

«አገሬም ደጋ ነው እትዬ።»

«ዝም ብለህ ልበስ።»

ነጋዴው ጎሕ ሲቀድ ይነሣልና መልእክቱ ማታውኑ ለእሱ መነገር ነበረበት። የብርጓል ለቢተው የምትለውን ሁሉ በቃሏ ይዛ ጨርሳለች፤ ምግብህን ብላ፣ ወደ ምሽጉ አትጠጋ፣ ቅኔው ባይገባህም አይክፋህ፣ ብዙ ነው። ከዚያ ወደ ፍሥሐ ዞረች። «አንተስ? ግራር አምባ መንገዱ ላይ ነው አይደል? ለሰዎችህ ምን ይበልልህ?»

«ለእናቴ ደኅና ገባ፣ አለቃ ሸማሽን ለኩት ይበላት። ሥዕሉ በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል ይበላት።»

«እሺ። ሌላስ?»

ፍሥሐ ጋቢውን ወደ አንገቱ ሳበው። 

«ለአያ እንዳላማው ደግሞ» አለ፣ «ሥዕሉ የሚለጠፍ ዕለት ከአጥሩ ውጭ እንዳይቆም። ገብቶ ይየው ይበልልኝ።»

የብርጓል እንዳትረሳው ሁለት ጊዜ በአፏ መለሰችው። ከዚያ፣ «አያ እንዳላማው ማን ናቸው? ነጋዴው ቢጠይቀኝ ምንህ ናቸው ልበለው?» አለችው።

«አጎቴ ነው» አላት። «አባቴን ከእሳት ያወጣልኝ ሰው ነው።»